ከጥማድ በሬ እስከ ፊት ጎማ፦ የእርሻ ጉልበት ታሪክ በሰሜን ሸዋ

ከአፋር ቆላ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ጨውና ሸቀጡን በግመል ጭኖ እስከ ዳገቱ ግርጌ፣ ማለትም እስከ ፋሬና ዓልዩ አምባ ድረስ ይመጣ ነበር። ከዚያ በላይ ግመል አይወጣም። ጭነቱ ይወርድና በአህያና በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሰው ትከሻ ሆኖ የአንኮበርን ዳገት ይያያዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ የመልእክት ቡድን ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያመጣውን ገጸ በረከት ይዞ ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የወጣው በዚሁ ልማድ ነበር።

ነጋዴው ግመሉን ከዳገቱ ሥር የሚያቆመው ግመል ደካማ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ከአህያ ይልቅ እጅግ ብዙ ይሸከማል። ነገር ግን ለሜዳና ለአሸዋ የተፈጠረ እግር ለድንጋያማ ገደል አይሆንም። የሰሜን ሸዋ ሰው ጉልበትን የሚመርጠው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በቦታውና በጊዜው እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በዛሬው ጊዜ በዞኑ ሜዳማ ወረዳዎች ትራክተር መታየቱ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከትራክተሮቹም መካከል አነስተኛ የሆኑትና በአራቱም ጎማ የሚጎትቱት እየተፈለጉ መጥተዋል። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ከሾፌሩ መቀመጫ አጠገብ አንዲት አጭር ማንሻ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ አንዲት ቁልፍ ትገኛለች። ማንሻዋ ስትገባ የሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ጎማዎች ጭምር ይሄዳል፤ ስትወጣ የኋላዎቹ ብቻ ይጎትታሉ። መቼ ትግባ? መቼ ትውጣ? ጥያቄው የሾፌር ብቻ ይመስላል። ሆኖም ትራክተሩን በጋራ ገንዘባቸው ለሚገዙ ወይም በሄክታር ከፍለው ለሚያሳርሱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የጎማ፣ የጥርስና የናፍጣ ወጪ፣ አልፎም የሰው ሕይወት ጥያቄ ነው። ለዚህም መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሶ የአካባቢውን የእርሻ ጉልበት ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ስምንት እግር

ሁለት በሬ ሲጠመድ ስምንት እግር ይጎትታል። ከስምንቱ አንዱ ቢያድጥ ሰባቱ ይዘው ያቆያሉ። ማረሻው ድንጋይ ሲነክስ በሬው ራሱ ይቆማል፤ ገበሬውም እርፉን ነቅንቆ፣ ማረሻውን አላቆ ይቀጥላል። ቀንበሩ፣ ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉና ምራኑ አብዛኛው በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፣ ብረትና ጠፍር የሚሠራ በመሆኑ ቢሰበርም በዚያው ቀን ይጠገናል። ይህ መሣሪያ ለሺህ ዓመታት ሳይለወጥ ቆየ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነቀፈውን ያህል፣ ለምን ሳይለወጥ ሊቆይ እንደቻለ ብዙም አልተጠየቀም። ቀላል ነው፤ በትከሻ ተይዞ ገደል ይወጣል፤ በእርከንና በድንጋይ መካከል ይዞራል።

ጉልበቱ ግን ውስን ነው። የአንድ ጥማድ በሬ የማያቋርጥ ጉልበት ከአንድ የፈረስ ጉልበት እምብዛም አያልፍም። ጥማድ የሚለው ቃል ራሱ የመሬት መለኪያ ሆኖ የቆየው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን፣ በግምት የሄክታርን ሩብ ስለሚያመለክት ነው። አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለመገልበጥ አራት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ለጤፍ ደግሞ አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማረስ የተለመደ ስለሆነ የሥራው ብዛት ግልጽ ነው።

ከዚህም ሌላ በሬ የሁሉም ሀብት አልነበረም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መሰሉን ፈልጎ በመቀናጆ ያርሳል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ምንም የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ሠርቶ በሬ ይዋሳል፣ አለዚያም መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል። ዝናብ በመጣለት ቀን ቀድሞ የሚያርሰው ባለ ጥማዱ ነው፤ ተራ ጠባቂው ሲደርስ መሬቱ ወይ ደርቋል ወይ ጨቅይቷል። የኅብረት ሥራ ሐሳብ በወረቀት ተጽፎ ከመምጣቱ በፊት መቀናጆ፣ ወንፈልና ደቦ በየመንደሩ የነበሩት ይህን ችግር ለማቃለል ነበር።

የመሬቱ ጠባይም ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። በሞረትና ጅሩ፣ በእንሳሮ፣ በሲያደብርና ዋዩ ሜዳ የተዘረጋው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ያህል ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ አቁሮ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አፈሩ ለምነት አያጣም፤ ችግሩ ለመታረስ የሚመችበት ጊዜ ማጠሩ ነው። ሲደርቅ ማረሻ አይገባውም፤ ሲረጥብ አይለቅም። በመካከል ያሉት ጥቂት ቀኖች ናቸው የዓመቱን ምርት የሚወስኑት። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ውኃውን ለማንጣፈፍ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ የማውጣት የቆየ ልማድ አላቸው። መደቡን የሚያበጁት ቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ ከማረሻው ኋላ እየተከተሉ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ነበር። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው።

ጅሩ በሰንጋው የታወቀ አገር መሆኑም ከዚህ አፈር ጋር ይያያዛል። ከባድ አፈር ጠንካራ በሬ ይፈልጋል። በሬው አርሶ አርሶ ሲያበቃ ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀልቦ ለበዓል ገበያ ይቀርባል።

ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ ደጋ ሲወጣ ነገሩ ሌላ ነው። ገብሱ በበልግም ይዘራል፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ማሳው በእርከን የተከፋፈለና ተዳፋት ነው። እዚያ የሚያስቸግረው አፈሩ መጣበቁ ሳይሆን ቁልቁል መሄዱ ነው።

አንድ በሬ ይበቃል ወይ?

የእርሻ ጉልበትን በሳይንስ የመመርመር ሥራ በደብረ ብርሃን አካባቢ የተጀመረው ከኢልካ ጋር ተያይዞ ነው። በአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ላይ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1974 መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የተቋቋመው ይህ ዓለም አቀፍ ማዕከል በደብረ ብርሃንና በደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያዎች ነበሩት። በባሶና ወራና ገበሬዎች ዘንድም የቤተሰቡን እርሻ፣ ከብትና ጉልበት የሚመለከት ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ብዙ የተወራለት ባለ አንድ በሬ እርሻ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ቤተሰብ አንድ በሬ ብቻ ካለው፣ ሁለት ለመጠመድ የተሠራውን ሞፈርና ቀንበር ለአንድ እንዲሆን ማሻሻል። ሞፈሩ አጠረ፣ ቀንበሩ ለአንድ ጫንቃ ተስተካከለ፣ በገመድ የሚጎተት መሣሪያ ተሠራ። በሙከራ ጣቢያ በደንብ የተቀለበ አንድ በሬ ጥማዱ ከሚያርሰው ከግማሽ በላይ ማረስ እንደሚችል ታየ። በተለይ በ1977 ዓ.ም የድርቅ ወቅት በሬ ላለቀበት ገበሬ ትልቅ ተስፋ ተደርጎ ነበር።

በገበሬው ማሳ ላይ ግን ብዙ አልተስፋፋም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣቢያው ያለው በሬ ጠግቦ ያድራል፤ የገበሬው በሬ እርሻ የሚጀምረው በበጋው ማብቂያ፣ መኖ ባለቀበትና አጥንቱ በቀረበት ወራት ነው። ከባዱ መረሬ ደግሞ ለአንድ በሬ አይበገርም። መቀናጆም በእጅ ያለ መፍትሔ ነበር። መሣሪያው በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ለጣቢያው አፈርና ለጣቢያው በሬ ግን የበለጠ ይስማማ ነበር። በሆለታም በኋላ የተዳቀሉ ላሞችን ጠምዶ የማረስ ሙከራ ተደርጓል።

የበለጠ ፍሬ የታየው በመረሬ አፈር ላይ በተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢልካና ኢክሪሳት በጋራ የጀመሩት የመረሬ አፈር ፕሮጀክት እነዋሪን ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ አደረገ። የእነዋሪ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው የሚሠሩትን መደብ በበሬ ጉልበት ለመሥራት ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ፣ ክንፍ ጨምሮ የተሠራው ቢቢኤም የተባለው መሣሪያ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መደብና 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ ያወጣ ነበር። ውኃው ስለሚንጣፈፍ ስንዴን ክረምቱ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ቀድሞ መዝራት ተቻለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር መሣሪያው አዲስ ጉልበት አለማምጣቱ ነው። ያው ጥማድ በሬ ነው፤ የተለወጠው ጉልበቱ የዋለበት ጊዜና መልክ ነው። ኢልካ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1994 ኬንያ ከነበረው አቻው ጋር ተዋህዶ ኢልሪ ተብሏል።

ትራክተር ለምን ዘገየ?

ትራክተር ወደ ኢትዮጵያ እርሻ በሰፊው የገባው በአርሲ፣ በአዋሽ ሸለቆና በመሳሰሉት ሜዳማ ቦታዎች ነው። በ1960 ዓ.ም ገደማ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የታሰበው ለአነስተኛ ገበሬ ነበር። ይሁንና የምርት ማደጉን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ማስለቀቃቸው በዘመኑ ታላቅ ምሬት ያስከተለ ጉዳይ ነው። ትራክተር በብዙ ገበሬ አእምሮ የመፈናቀል ምልክት ሆኖ የቆየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ትራክተሩ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዞረ። ማልባና ወልባ የሚባሉትን ደረጃዎች የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ግን አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ፤ በሬና መሬቱም ወደየቤተሰቡ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከበሬ እምብዛም አልተላቀቀም። አንደኛው ምክንያት የማሳ ስፋት ነው። የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይርቅ፣ እሱም በሦስትና በአራት ቦታ የተበጣጠሰ ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ በወረቀቱ ላይ 50 የፈረስ ጉልበት የተባለ ትራክተር ደብረ ብርሃን ላይ 38 እንኳ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ሦስተኛው፣ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው፣ የጎማ ነገር ነው። የዚያን ዘመን ትራክተር በአብዛኛው የሚጎትተው በሁለት የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነበር። በተንጣለለ ደረቅ ሜዳ ይህ ይበቃል። በጨቀየ መረሬና በተዳፋት ላይ ግን የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ የፊቶቹ ደግሞ ሳይጎትቱ ይገፋሉ። ከትራክተሩ ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በፊት ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ያ ሁሉ ክብደት ለጉተታ ሳይውል ይቀራል።

የፊት ጎማ ሥራ ሲይዝ

የፊት ጎማን ለጉተታ የማሰለፍ ሐሳብ በሌላው ዓለምም ቢሆን ወዲያው አልተስፋፋም። የጣሊያኑ ሳሜ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 በአራት ጎማ የሚጎትት ባለ ናፍጣ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ጣሊያንም እንደ ሸዋ ተራራና ተዳፋት የበዛባት አገር መሆኗ እዚህ ላይ ይታወሳል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በጣሊያንና በእንግሊዝ ያሉ አንዳንድ ድርጅቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የአሜሪካ የጦር ካሚዮኖችን የፊት አክስል እየነቀሉ በተራ ትራክተር ላይ ይገጥሙ ነበር። የሚንስክ ፋብሪካም ቤላሩስ 80ን በኋላ ጎማ ብቻ፣ ቤላሩስ 82ን ደግሞ በአራቱም የሚጎትት አድርጎ ሠራ። የ82ቱ ማንሻ ሦስት ቦታ ነበረው፤ የጠፋ፣ ሁልጊዜ የገባ፣ እንዲሁም የኋላው ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ብቻ የፊቱን ራሱ የሚያስገባ። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ ጭቃ ለበዛበት ጠባብ የሩዝ ማሳ ብለው ትናንሽ ባለ አራት ጎማ ጉተታ ትራክተሮችን በብዛት አመረቱ። ዛሬ አነስተኛ ትራክተር የሚባለው መልኩን በአብዛኛው ያገኘው ከዚያ ነው።

በገበያ ላይ አንድ የቃል መምታታት አለ። ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የሚባለው ሾፌሩ ከኋላው እየተከተለ የሚነዳው፣ በተለያዩ ፕሮጀክቶች በኢትዮጵያ ሲሞከር የቆየው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ባለ አራት ጎማ ማለት ደግሞ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው መሆኑን እንጂ አራቱም ጎማ ይጎትታሉ ማለት አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ፎር ዊል የሚባለው አራቱም ሲጎትቱ ብቻ ነው። አንድ ማኅበር ትራክተር ሊገዛ ሲነሣ «ባለ አራት ጎማ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል አይበቃውም፤ ከፊት አክስሉ ሥር ወርዶ ጉልበቱን የሚያደርሰው ዘንግ መኖሩን መመልከት አለበት።

በአገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እንደ አዲስ መደራጀት ከጀመሩ በኋላ ዩኒየኖች ሲቋቋሙ፣ መጀመሪያ የያዙት ሥራ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማቅረብ፣ እህልም መግዛትና መሸጥ ነበር። ቆይቶ በአገሪቱ በርካታ ዩኒየኖች ትራክተርና ኮምባይነር እየገዙ ለአባላት ወደ ማከራየት ገቡ። የስንዴ ኩታ ገጠም እርሻ በሞረትና ጅሩና በአጎራባቾቹ ሲስፋፋ የማሳ መበጣጠስ እንቅፋቱ በከፊል ተቃለለ። በ2011 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ግዢውን አበረታታ። ማንሻዋን በተመለከተ ዕውቀት ከትራክተሩ ጋር አብሮ ገብቷል ማለት ግን አይቻልም። በአንድ ወገን ማንሻውን ጨርሶ የማይነኩ ሾፌሮች አሉ፤ በሌላ ወገን ካስገቡት በኋላ ከማሳ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤት የማያወጡት።

መቼ ይግባ፣ መቼ ይውጣ

የፊት ጎማ ከኋላው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት። ፋብሪካው ጥርሱን ሲያሰላ የፊቱን ጎማ ከሚያስፈልገው በጥቂቱ፣ ከአንድ እስከ አምስት በመቶ ገደማ፣ እንዲፈጥን አድርጎ ይሠራዋል። ዓላማው ፊቱ ኋላውን እንዲስብ እንጂ በኋላው እንዲገፋ አይደለም። በለስላሳ ማሳ ላይ ይህ ትንሽ ልዩነት በአፈሩ መንሸራተት ይካካሳል። በአስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ የለም። ልዩነቱ በዘንጉና በጥርሱ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ የፊት ጎማው ይላጫል፤ ማንሻውም ተነክሶ አልወጣ ይላል። ከደብረ ብርሃን በዋናው የደሴ መንገድ ላይ ፎር ዊል አስገብቶ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር በማኅበሩ ገንዘብ ጎማ እየፋቀ ነው ማለት ይቻላል። ማንሻው አልወጣ ካለ በኃይል መታገል አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲሄዱ ውጥረቱ ይላላና ይለቃል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጎማ ሲያልቅ ከገበያ የተገኘውን መግጠም የተለመደ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ልክ ግን ከጥርሱ ጋር ተሰልቶ የተሠራ ነው። ልኩ የተለየ ጎማ ከፊት ከተገጠመ፣ ወይም አዲስ ጎማ ከኋላ፣ የተላጨ ከፊት ከሆነ፣ ፎር ዊሉ በማሳም ላይ ቢሆን ራሱን በራሱ ይታገላል። የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው።

በማሳ ላይ ፎር ዊል የሚገባው ማረሻው ወይም ሮቶቬተሩ መሬት ይዞ የኋላ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ነው። ትንሽ መንሸራተት በአፈር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ከ8 እስከ 15 በመቶ ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ልኩን ያለ መሣሪያ ማወቅም ይቻላል። የኋላ ጎማው የተወው አሻራ ጥርት ብሎ ከታየ መንሸራተቱ ትንሽ ነው፤ የጥርሱ ቅርጽ ከተደመሰሰ ናፍጣው ወደ ጭቃ እየሄደ ነው። ደጋ ላይ የሚያርስ ሾፌር ደግሞ ሞተሩ ሲደክም ከጎማው መንሸራተት ጋር እንዳያምታታ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ከታፈነ የጎደለው ጉልበት ነው፤ መፍትሔውም ማርሽ መቀነስ ወይም የማረሻውን ጥልቀት ማሳነስ ነው። ፎር ዊል በከፍታ ምክንያት የጠፋውን የሞተር ጉልበት አይመልስም። ሥራው ያለውን ጉልበት ወደ መሬት ማድረስ ብቻ ነው።

ዲፈረንሻል መቆለፊያም ሌላ ነገር ነው። እሱ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ያስራቸዋል፤ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ይጠቅማል፤ ለማዞር ሲፈለግ ግን ወዲያው መለቀቅ አለበት። መጀመሪያ ፎር ዊል፣ ካልበቃ መቆለፊያ፣ እሱም በቀጥታ ጉዞ ብቻ።

ቁልቁለት

ብዙ ሰው ፎር ዊልን የሚያስበው ለዳገት ነው። በአንኮበርና በጣርማ በር አገር ግን ይበልጥ የሚፈለገው ለቁልቁለት ነው። በብዙ ትራክተሮች ላይ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ትራክተሩ እህል የጫነ ተጎታች አስከትሎ በጠጠርና በጭቃ ቁልቁለት ሲወርድ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ያን ጊዜ ፍሬን ቢረገጥ የኋላ ጎማዎች ታስረው ይንሸራተታሉ እንጂ አያቆሙም። ፎር ዊል ከገባ ግን ኋላና ፊት በዘንግ የተያያዙ ስለሆኑ ፍሬኑም፣ የሞተሩ መያዝም ለአራቱም ጎማ ይደርሳል። ስለዚህ ማንሻው የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ትራክተሩ ቆሞ ነው። ማርሹም ዝቅተኛው ይሆናል። የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች በማያያዣቸው መያያዛቸው ይታያል፤ ማሳ ውስጥ ለመዞር ተነጣጥለው የቆዩ ከሆነ በቁልቁለት ላይ አንዱ ብቻ ቢረገጥ ትራክተሩ ይገለበጣል። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ በፎሌ መውረድ በመኪናም የተወገዘ ልማድ ነው፤ በትራክተር ደግሞ የሞት መንገድ ነው።

በጎን ተዳፋት ላይ ፎር ዊል ከመገልበጥ አያድንም። እንዲያውም ጎማው በደንብ ስለያዘ ሾፌሩ ደፍሮ መግባት ከማይገባው ቦታ እንዲገባ ያደርገዋል። ሾፌሩን የሚጠብቀው ከመቀመጫው በላይ ያለው የብረት ቅስትና የታሰረ ቀበቶ ነው። ዛፍ ሥር ለማለፍ ተብሎ ቅስቱን አጥፎ እዚያው መርሳት የተለመደ ስሕተት መሆኑን ትራክተር የሚያከራዩ ማኅበራት ሊያውቁት ይገባል።

ረጥቦ ያልተንጣፈፈ ማሳ

ለመረሬ ማሳ የሚነገረው ከዚህ ይከፋል። ባለ ሁለት ጎማ ጉተታ ትራክተር በጨቀየ ማሳ ሲሰጥም ሾፌሩን አስገድዶ ያስቆመዋል። ይህ ችግር ቢሆንም ለአፈሩ መከላከያም ነበር። ፎር ዊል ያለው ትራክተር ግን ያልፋል። በማለፉም እርጥቡን አፈር በጎማው እየጨፈለቀ ከማረሻው በታች ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል። ያ ንጣፍ ውኃ አያሳልፍም፤ ውኃ ማቆር ዋና ችግሩ ለሆነ አፈር ከዚህ የባሰ በደል የለም። ጉዳቱ በዚያው ዓመት ላይታይ ይችላል፤ በሚቀጥለው ክረምት ስንዴው በመስመር በመስመር ቢጫ ሲሆን ጎማው የሄደበት መሆኑ ይታወቃል።

በበሬ ዘመን ገበሬው ይህን የሚለይበት መንገድ ነበረው፤ ዛሬም የሚሠራ መንገድ ነው። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር አንሥቶ በመዳፍ ማድቦልቦል። እንደ ገመድ ከተሳበ ገና ነው። ከተፈረካከሰ ለእርሻ ደርሷል። ባለ ትራክተሩ በሄክታር ስለሚከፈለው ቶሎ መግባት ይፈልጋል፤ ባለ ማሳው ደግሞ ተራው እንዳያልፈው ይፈራል። ሁለቱም አፈሩ ሳይደርስ ለመግባት ምክንያት አላቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ትራክተሩ የራሱ ሲሆን ከግል አከራይ የሚለይበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የተራውን ሰሌዳ እንደ አፈሩ መድረቅ፣ ቀድሞ ከሚንጣፈፈው ከፍ ያለ ማሳ ጀምሮ፣ ለሁሉም አባል አውጥቶ ማስተካከል ይችላል። ጊዜውን ለመቀናጆ ተራ ያውል የነበረው የቀድሞ ገበሬ ልምድ በዚህ መልክ ሊቀጥል ይችላል።

በጅሩ ሜዳ ትራክተሩ ማሳውን ገልብጦ ከወጣ በኋላ የመደብና የቦዩ ሥራ፣ ዘሩን የማልበስም ሥራ በብዙ ቦታ አሁንም በበሬ ይከናወናል። በአንኮበር እርከኖች ላይ ደግሞ ትራክተር ጨርሶ አይደርስም፤ እዚያ ያለው ማሳ ለጥማዱና ለእርፍ ያዡ የቀረ ነው። ሰንጋው ግን በሁለቱም አገር እየተቀለበ ይሸጣል።